«አባ፥ የእኔ ልጅስ?»
የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸውን ሕፃናት ለቅዱሳት ምሥጢራት ስለ ማዘጋጀት



የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ሕፃናት ስም በሚመዘገብበት ወራት በቁምስናዎቻችን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው በጉባኤ ፊት አይነገርም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቃ ወደ ካህኑ የምትጠጋ እናት በዝግታ የምታቀርበው ነው። «አባ፥ የእኔ ልጅስ?» ትላለች። ልጇ እንደ እኩዮቹ አይናገርም፤ ወይም ትናንት የተማረውን ዛሬ አያስታውስም፤ ወይም በሰው መካከል መቀመጥ ይጨንቀዋል። በዚህ እትም ትምህርታችን ለዚህች እናት የሚገባውን መልስ እንፈልጋለን።

ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት ብንናገር ይሻላል። ክህነት ከተቀበልን ብዙም ሳንቆይ አንዲት እናት ዳውን ሲንድረም ያለበትን የዐሥራ አንድ ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኛ መጣች። እኛም እንደ ሌሎቹ ሕፃናት ከትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ጥያቄ ጠየቅነው። ምሥጢራት ስንት ናቸው? ቅዱስ ቁርባንን ማን መሠረተው? ልጁ ፈገግ ብሎ በአንገታችን የነበረውን መስቀል ዳሰሰ፤ ሌላ መልስ አልሰጠም። «ትንሽ ይቆይ፤ ሲገባው ይቀበላል» ብለን አሰናበትናት። በሚቀጥለው ዓመት መጣች፤ እንዲሁ መለስናት። በሦስተኛው ዓመት አልመጣችም። ቆይተን እንደ ተረዳነው፥ ልጁ በቁርባን ሰዓት እጆቹን አጣምሮ ከሰልፉ ሲገባ ሰዎች ስለሚመልሱት፥ እርሱም ስለሚያለቅስ፥ እናቲቱ ቅዳሴ መምጣት ትታ ነበር። ይህንን የምንጽፈው ሌላ ካህንና ሌላ መምህር ያንኑ እንዳይደግም ነው።

፩. ሕፃናቱን በትክክል ማወቅ

በብዙ አካባቢ እንዲህ ያለ ልጅ የተወለደበት ቤተሰብ «የእርግማን ውጤት ነው»፥ «የአባት ኃጢአት ነው»፥ «ክፉ መንፈስ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን እንግዳ ሲመጣ በጓዳ ይሰውራሉ። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ፥ እርሱም ሆነ ወላጆቹ ኃጢአት ስለ ሠሩ እንዳልሆነ በግልጽ መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። ስለዚህ መምህሩ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያስተምረው ለልጁ ሳይሆን ለጎረቤት ነው ማለት ይቻላል።

የእነዚህ ሕፃናት ሁኔታ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳውን ሲንድረም ሕፃኑ ሲፀነስ ከሚከሠት የክሮሞዞም ለውጥ የሚመጣ ነው፤ ያለባቸው ልጆች በጆሮ ከሚሰሙት ይልቅ በዓይን የሚያዩትን በተሻለ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም የመስማት ችግር አለባቸው። ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ድንገተኛ ለውጥ፥ ታላቅ ድምፅና ጠንካራ ሽታ ሊያስጨንቃቸው ይችላል፤ ከእነርሱም ብዙ የሚያስተውሉ አሉ። በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት አንጎላቸው የተጎዳ ልጆች ደግሞ አንዳንዶቹ አፋቸው አይታዘዝላቸው እንጂ የምንናገረውን ሁሉ ይረዳሉ። እንግዲህ «አይናገርም» ማለትና «አያውቅም» ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ይህንን ልዩነት ያልተረዳ መምህር በልጁ ላይ ሳያውቅ ይፈርዳል።

በሀገራችን እንዲህ ያሉ ልጆች መማር እንደሚችሉ ያሳዩ ወላጆች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት ተነሣሥተው በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቁመዋል። በዓለማዊው ትምህርት የሚቻለው በእግዚአብሔር ቤት አይቻልም ልንል አይገባንም።

፪. ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው

አንዳንዶች «ሕጉ አይፈቅድም» ይላሉ። ሕጉን እንመልከት።

በ1910 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ፒዮስ ዐሥረኛ ባወጡት ድንጋጌ ለመጀመሪያ ቁርባን ከሕፃኑ የሚፈለገው ሙሉ የነገረ መለኮት ዕውቀት እንዳልሆነ አስተምረዋል፤ ቅዱስ ቁርባንን ከተራው እንጀራ መለየትና ዕድሜው በሚፈቅደው አክብሮት መቅረብ ይበቃዋል። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና ቁጥር 913 ሕፃናት የክርስቶስን ምሥጢር «እንደ ዐቅማቸው» እንዲረዱ ይጠይቃል፤ በሞት አደጋ ላይ ላለ ሕፃን ግን ቅዱስ ቁርባንን ከተራ ምግብ መለየቱና በአክብሮት መቀበሉ ብቻ ይበቃል ይላል። ቁጥር 777 ደግሞ የቁምስናው መሪ ካህን በአካልም ሆነ በአእምሮ ውስንነት ላላቸው ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጥ ኃላፊነት ይጥልበታል። ስለዚህ «የሚያስተምራቸው ሰው የለንም» የሚለው መልስ ልጁን ነጻ አያወጣም፤ እኛን ይወቅሳል እንጂ።

ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ አኵናስ የማስተዋል ኃይላቸው ደካማ የሆነ ሰዎች ለዚህ ምሥጢር አንዳች አክብሮት ሊያድርባቸው ስለሚችል ቁርባን ሊከለከሉ እንደማይገባ አስተምሯል። ይሁን እንጂ ከልደታቸው ጀምሮ ማስተዋል ፈጽሞ ያልነበራቸውን በተመለከተ የእርሱ መልስ የተለየ ነበር፤ ይህም በምዕራቡ ዘንድ ለብዙ ዘመን ማመንታትን አስከትሏል። ር.ሊ.ጳ. ቤነዲክቶስ ዐሥራ ስድስተኛ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ቅዱስ ቁርባን በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ቁጥር 58 ላይ ይህንን ማመንታት ፈቱት፤ የተጠመቁና ሜሮን የተቀበሉ የአእምሮ ውስንነት ያላቸው ምእመናን በተቻለ መጠን ቅዱስ ቁርባንን እንዲቀበሉ፥ የሚቀበሉትም አብሯቸው ባለው ቤተሰብ ወይም ማኅበር እምነት ጭምር መሆኑን አስተማሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከቫቲካን የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያም ማንም ሰው አካል ጉዳተኞችን ምሥጢራት ሊከለክላቸው እንደማይችል ያስረዳል።

ለእኛ ለኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ደግሞ ሌላ ምስክር በቤታችን አለን። በሐዋሳ፥ በሶዶ፥ በሆሳዕና፥ በመቂና በሌሎችም ያለነው የላቲንን ሥርዓት ስንከተል፥ በአዲስ አበባ፥ በአዲግራት፥ በእምድብርና በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከቶች የግዕዝ ሥርዓት ይፈጸማል። ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕገ ቀኖና ምሥጢረ ሜሮን ከጥምቀት ጋር እንዲሰጥ፥ ሕፃናትም እንደየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ከቅዱስ ቁርባን እንዲካፈሉ ያዝዛል (ቁ. 695 እና 710)። በእናቱ ክንድ ታቅፎ የሚቆርብ የአርባ ቀን ሕፃን ስለ ምሥጢሩ ምን ያውቃል? ያመጣው የእናቱና የቤተ ክርስቲያን እምነት ነው። ጥንታዊው ልማድ ጸጋ ከማስተዋላችን እንደሚቀድም ያስተምረናል። ማወቅ መልካም ነው፤ ለሚችለውም ግዴታ ነው፤ ሆኖም ለማይችለው ልጅ የተዘጋ በር ሊሆን አይገባም።

፫. «ሳይገባው ቢቀበልስ?»

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ተቃውሞ ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክት የተወሰደ ነው፤ ሐዋርያው ሰው ራሱን ሳይመረምር፥ የጌታን ሥጋ ሳይለይ እንዳይቀበል ያስጠነቅቃልና (1ኛ ቆሮ. 11፥27-29)። ይህ ቃል የሚያስፈራ ነው፤ ልናቃልለውም አንፈልግም። ነገር ግን ሐዋርያው ማንን እንደሚገሥጽ ከፍ ብለን እናንብብ። የቆሮንቶስ ባለጠጎች ለጌታ እራት በተሰበሰቡ ጊዜ ቀድመው ይበሉና ይጠጡ፥ ምንም የሌላቸውንም ያሳፍሩ ነበር (ቁ. 20-22)። ዝቅ ብሎም በሚቀጥለው ምዕራፍ የአካል ደካማ የሚመስሉት ብልቶች እጅግ አስፈላጊ መሆናቸውን ይናገራል (12፥22)። እንግዲህ ደካማውን ከማዕዱ የሚያርቅ ማኅበር የጌታን ሥጋ ለይቷል ማለት ይቻላልን? ሐዋርያው የገሠጸው ደካማውን የናቁትን ነው፤ ኃጢአትን አስቦ ለመሥራት ዐቅም የሌለውን ሕፃን አይደለም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ሲያመጡ ሕዝቡ በሩን ስለ ዘጋባቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት። ወንጌላዊው ጌታ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት መሆኑን ይነግረናል። ሽባው አንድም ቃል ስለ መናገሩ አልተጻፈም። በሩን የዘጋውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቃሉን ለመስማት የመጣ ሕዝብ ነበር። እኛም ለእግዚአብሔር ቤት ክብር ስንቀና በሩን እንዳንዘጋ እንጠንቀቅ።

፬. እንዴት እናዘጋጃቸው?

ከዚህ በታች ያለው ከልምድ የተገኘ ነው፤ መምህራን እንደየልጁ ሁኔታ ያስተካክሉት።

1. ከወላጆች መጀመር። ልጁን የሚያስደስተውን፥ የሚያስፈራውን፥ «አዎን» እና «አይደለም» የሚልበትን መንገድ እናቱ ታውቃለች። መምህሩ በመጀመሪያ ወደ ቤት ሄዶ እርሷን ይማር። ልጁ ለምን ያህል ጊዜ መቀመጥ እንደሚችል፥ ምግብ እንዴት እንደሚውጥ፥ የሚጥል በሽታ ካለበትም ምን እንደሚደረግ ይጠይቅ።

2. አንድ ልጅ፥ አንድ ወዳጅ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ የማይለወጥ ሰው ይመደብለት፤ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ፥ ወይም ከወጣቶች ማኅበር አንዱ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ሰው የሚለዋወጥበት ልጅ በየሳምንቱ አዲስ ፍርሃት ይጀምራል። የሚቻል ሲሆን በሌላው ትምህርት ከእኩዮቹ ጋር ይቀመጥ፤ እኩዮቹ ከእርሱ የሚማሩት አለና።

3. አጭር ጊዜ፥ አንድ ዐሳብ፥ አንድ ሥርዓት። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፥ በአንድ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ሻማ ማብራት፥ ማማተብ፥ አጭር መዝሙር፥ የዕለቱ ዐሳብ፥ ዝምታ፥ ስንብት። የዕለቱ ዐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገር፤ «ኢየሱስ ይወድደኛል» የሚለው ለአንድ ወር ቢደጋገም ብዙ አይደለም።

4. በእጅና በዓይን ማስተማር። ጌታችን መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ፥ ጆሮውንና ምላሱን ዳስሶ ፈወሰው (ማር. 7፥31-37)፤ ቃል ለማይሰማው በመዳሰስ ተናገረው። ስለዚህ ልጁ የጥምቀቱን ውኃ ይንካ፤ የመስቀሉን ምስል ይያዝ፤ ቅዱስ ቁርባን በሚቀመጥበት ሥፍራ ፊት ከመምህሩ ጋር ይንበርከክ። የገዛ ቤተ ክርስቲያኑን በር፥ መንበሩን፥ ካህኑንና ቅዱስ ቁርባኑን የሚያሳዩ ፎቶግራፎች በቅደም ተከተል ተለጥፈው ትንሽ ደብተር ቢዘጋጅለት እቤቱ እያየ ይለማመዳል።

5. ከቤት ማዕድ ወደ ጌታ ማዕድ። ልጆቻችን ሁሉ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ጉርሻ። የሚያጎርሰው የሚወድደው መሆኑን ሕፃኑ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ከዚህ እንጀምር። ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ዳቦ ይቊረስ፤ «ይህ የእማማ ዳቦ ነው» እንበለው። ከዚያም በቤተ ክርስቲያን፥ በቅዱስ ቁርባን ፊት፥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ይህ ግን ኢየሱስ ነው» እንበለው። ሁለቱን በየሳምንቱ እያስተያየን ብንደጋግም ልጁ ልዩነቱን በድምፃችን፥ በአንበርካካችንና በዝምታችን ይማራል። መለየት የሚባለው ይህ ነው።

6. የአቀባበሉን ልምምድ ማድረግ። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ሲሆን ሰልፉን፥ አቋቋሙንና አቀባበሉን ደጋግሞ ይለማመድ። ያልተቀደሰ ኅብስት ይቅመስ፤ ጣዕሙና ድርቀቱ የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉና። ከትንሽ ቊራጭ መጀመር ይቻላል። ጨርሶ መዋጥ ለማይችለው ልጅ ደግሞ በላቲን ሕገ ቀኖና ቁጥር 925 መሠረት አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ በወይን መልክ ብቻ ሊሰጠው ይቻላል፤ ይህንንም አስቀድሞ ከካህኑ ጋር መነጋገር ይገባል። «አሜን» ማለት ካልቻለ ራሱን ነቅንቆ ወይም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይመልስ።

7. ቀኑን ማመቻቸት። ከበሮ፥ ጸናጽል፥ ዕጣንና የሕዝብ ብዛት የሚያስጨንቀው ልጅ በትንሽ ቅዳሴ ቢቀበል ክብሩ አይቀንስም። ከእኩዮቹ ጋር መቀበል የሚችል ግን ከእነርሱ አይለይ። ወደ በር ቀርቦ ቢቀመጥ ሲጨንቀው ወጥቶ መመለስ ይችላል።

ዝግጁ መሆኑን በምን እናውቃለን? በመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጠባዩ ይለወጣልን? ሌሎች ሲቀበሉ ይመኛልን? ወደ ቅዱሱ ሥፍራ ሲያይ ዝም ይላልን? እነዚህ በልጁ ዐቅም የተሰጡ መልሶች ናቸው። እንዲህ ያለውን ምልክት እንኳ ማሳየት የማይችል ልጅ ቢኖር፥ በሚሸከሙት ሰዎች እምነት መቀበል እንደሚችል ከላይ አይተናል፤ ወላጆች ከካህኑ ጋር ይመካከሩበት።

፭. ስለ ሌሎቹ ምሥጢራት በአጭሩ

ጥምቀት፦ ማስተዋል የሌለው ሰው ዕድሜው ቢገፋም ለጥምቀት እንደ ሕፃን ይቈጠራል (ቁ. 852)። ስለዚህ በውስንነቱ ምክንያት ጥምቀቱን ማዘግየት አይገባም።

ምሥጢረ ሜሮን፦ በላቲን ሥርዓት ትምህርትና ዝግጅት የሚጠየቀው ማስተዋል ላለው ነው (ቁ. 889)፤ ማስተዋል የሌለው በዚህ ምክንያት አይከለከልም። ጳጳሱ ለጉብኝት ሲመጡ እነዚህ ልጆች ከስም ዝርዝር እንዳይዘነጉ መሪ ካህናት ይጠንቀቁ። በግዕዝ ሥርዓት የተጠመቁ ሜሮንን ከጥምቀት ጋር ስለ ተቀበሉ እንደገና አይሰጣቸውም።

ምሥጢረ ንስሐ፦ ክፉና ደጉን የማይለይ ልጅ ኃጢአት የለበትምና ንስሐ ካልገባህ አትቆርብም አይባልም። በጥቂቱም ቢሆን የሚለይ ልጅ ግን ከይቅርታ ደስታ አይከልከል። የመታውን ወንድሙን በሥዕል ቢያሳይ፥ ወይም ራሱን ዝቅ አድርጎ ቢያዝን፥ ካህኑ ይረዳዋል። ለእነዚህ ልጆች ስለ ገሃነም እየነገሩ ማስፈራራት ከባድ ጥፋት ነው፤ ፍርሃቱ ይቀርባቸዋል እንጂ ትምህርቱ አይቀርባቸውም።

፮. የቁምስናው ድርሻ

በመጀመሪያ ያነሣነውን ልጅ አንዲት በዕድሜ የገፉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት አገኙት። እርሳቸው ከእኛ ያነሰ ትምህርት፥ ከእኛ የበለጠ ትዕግሥት ነበራቸው። እቤቱ ሄደው፥ ከእናቱ ጋር ቡና ጠጥተው፥ ልጁን በእጁ ይዘው በየሐሙሱ ወደ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ጀመር። ከስምንት ወር በኋላ ወደ እኛ መጥተው «አባ፥ ይምጡና ይዩት» አሉን። ሄደን አየነው። ልጁ ቅዱስ ቁርባን ወዳለበት ሥፍራ በጣቱ እያመለከተ «ኢየሱስ» አለ፤ ከዚያም አፉን በእጁ ነካ። በዐሥራ አራት ዓመቱ ተቀበለ። በዚያ ቀን እናቱን ይቅርታ ጠየቅናት። እርሷም «ዛሬ መቀበሉ ይበቃኛል፥ አባ» አለችን። ሦስቱን ዓመት ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም።

ስለዚህ ለየቁምስናው ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በቁምስናችሁ እቤት የቀሩ እንደዚህ ያሉ ልጆች እንዳሉ በየቀጠናው ተጠይቆ ይታወቅ። ሁለተኛ፥ ከመምህራን መካከል ቢያንስ አንድ ሰው ለዚህ አገልግሎት ይመደብ። ሦስተኛ፥ ልጁ በቅዳሴ ጊዜ ድምፅ ሲያሰማ ዞር ብሎ ማፍጠጥ ይቅር፤ እናትን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣት ከልጁ ድምፅ ይልቅ የእኛ ዐይን ነውና። ቅዱስ ቁርባን የተቀበለም ልጅ በዚያው አይረሳ፤ የመቅረዝ ሻማ ማብራት፥ የመባ ቅርጫት መያዝ፥ ምእመናንን በር ላይ መቀበል የሚችል ብዙ ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላላቸው ልጆች ምን ይባላል? ወንጌል ስለዚህ ምን ይላል?
2. ማር. 2፥1-12ን አንብቡ። በቁምስናችን አራቱ ተሸካሚዎች እነማን ናቸው? በሩን የሚዘጋውስ ማን ነው?
3. ከምናውቃቸው ልጆች መካከል ለአንዱ እስከሚቀጥለው የትንሣኤ በዓል ምን ልናደርግ እንችላለን?

ሕፃናትን አቅፎ የባረከ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እነዚህን ልጆች፥ ወላጆቻቸውንና መምህራኖቻቸውን ይባርክ። አሜን።